ጓሳ ጫፍ ያለች መንደር ተመድቤያለሁ፣ ብርዱ እንደሚባለው ነው ወይስ ሰው ያጋንናል?

ቆለኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኔ የሸዋሮቢት ልጅ ነኝ፣ ተወልጄም ያደግኩት እዛው ነው፣ ዘንድሮ በመምህርነት ተመደብኩና የደረሰኝ መንዝ ነው፣ ያውም ከመሐል ሜዳ ወዲያ ጓሳ ዳር ያለች መንደር። ስሟን አልጽፍም ምክንያቱም ሃያ ቤት ትሞላለች አትሞላም፣ አንድ ሰው ካነበበው ገና ሳልደርስ መንደሩ በሙሉ ያወራብኛል።

ከሰማሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ እያስፈራራኝ ነው። አጎቴ እዛ ሽንት መሬት ሳይነካ በረዶ ይሆናል ይላል፣ ጎረቤታችን ደግሞ ክረምት ላይ በረዶው ጉልበት ድረስ ይደርሳል፣ ጉሙ ሲወርድ የራስሽን እጅ አታዪም አለችኝ፣ እናቴ ያው ታለቅሳለች። እኔ በሕይወቴ ብርድ የሚባል ነገር የማውቀው ደብረ ብርሃን ቁርስ ለመብላት አውቶብስ ሲቆም ብቻ ነው፣ ያንንም ከመኪና ሳልወርድ ነው ያለፍኩት። መብራት የለም አሉኝ ስለዚህ ሂተር ምናምን አይታሰብም። ምን ልብስ ልያዝ? ምን እየበላሁ ነው የምኖረው? የኖራችሁበት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ማባበልም ማስፈራራትም አልፈልግም። መስከረም መጨረሻ ላይ ነው የምሄደው።


የመንዝ ልጅ

እንኳን ደህና መጣሽልን በቅድሚያ። አጎትሽ ቀልደኛ ናቸው ግን ብዙም አልራቁም።

ጓሳ ማለት ከ3200 ሜትር በላይ ነው፣ ጫፍ ጫፉ 3700 ገደማ ይደርሳል፣ ሮቢት ስንት ናት? 1280 ምናምን። ይሄን ሁሉ ሽቅብ ነው የምትወጪው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ስትወጪ ሳሩ ላይ አመዳይ ተነስንሶ ታገኚዋለሽ፣ ጀሪካን ውጪ ካደረ አናቱ ይጋገራል። ግን ማንም የማይነግርሽ ነገር ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ወጥታ ጃኬትሽን ታስወልቅሻለች። ቀን በሹራብ ሌሊት በሦስት ድርብ ነው ኑሮው።

የጉልበቷን ወሬ ተያት። ክረምት ላይ ሐምሌ ነሐሴ የሚወርደው ጠጠር በረዶ ነው፣ ዳገቱን ነጭ በነጭ ያለብሰዋል እውነት ነው፣ ተዳፋት ስር ሲከማች ደግሞ ወፍራም ሆኖ ያድራል፣ ያንን ነው እንግዳው ፎቶ እያነሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ስኖው ጣለ እያለ የሚለጥፈው። በኛ ቋንቋ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ ፈረንጅ አገር እንደ ባዘቶ የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም ሁሉም በረዶ ስለሆነ ወሬው እዛ ላይ ነው የሚደባለቀው። ለፎቶ ያምራል፣ ባቄላው ላይ ሲወርድ ግን አገዳውን ቀንጥሶት ነው የሚሄደው።

ልብስ በተመለከተ ባና ግዢ። ጋቢ ጥሩ ነው ግን ጥጥ ነው፣ ጉም ሲያረጥበው ከብዶ ይቀዘቅዝሻል። ባና የኛው የመንዝ በግ ፀጉር ነው፣ ካፊያ ቶሎ አያልፈውም፣ ቢረጥብም ይሞቃል። ይኮሰኩሳል፣ ስለዚህ ከውስጥ የሆነ ነገር ልበሺ። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ታገኚዋለሽ።


ስድስት ዓመት ጠመኔ

እኔ እንዳንቺው ነበርኩ እህቴ፣ መምህር፣ ደጋ ላይ ስድስት ዓመት፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ ግን እስካሁን ህዳር ሲመጣ ጉልበቴ ያስታውሰኛል።

የመጀመሪያ ስህተቴን ልንገርሽና አንቺ አትድገሚው፣ መርካቶ ሄጄ በጣም ወፍራም የሚመስል ጃኬት ገዛሁ፣ ውስጡ ስፖንጅ ነገር ነው፣ ንፋሱ በዚህ ገብቶ በዚያ ነው የሚወጣው። ያከራዩኝ እማማ የመጀመሪያ ቀን ማታ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው አዩትና "ልጄ ይሄ ልብስ ነው ወንፊት?" አሉኝ፣ ከዛ የራሳቸውን ባና አውጥተው ጣሉልኝ፣ እምቢ ብል ሊቆጡኝ ነው። ስድስት ዓመት በዛ ባና ተኛሁ። እና ከወፍራም አንድ ልብስ ስስ ስስ ሦስት ይሻላል፣ የላይኛው ንፋስ የማያስገባ ይሁን፣ ካልሲ ግን ቁጥር አይያዝለትም፣ ለሌሊት ብቻ የምታደርጊው ደረቅ ካልሲ ለብቻው ይኑርሽ። ክረምት ላይ እረኞቹ የሚለብሱት ከሳር የተሠራ ገሳ አለ፣ መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ፣ በኋላ ዶፍ ውስጥ ጃንጥላዬ ተገልብጦ ስሮጥ ልጁ በገሳው ውስጥ ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል።

ቤት ስትከራዪ የድንጋይ ግድግዳ በጓሳ ሳር የተከደነውን ምረጪ እንጂ ቆርቆሮ ዘመናዊ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ። ቆርቆሮ ሌሊት ፍሪጅ ነው፣ ጠዋት ደግሞ ከውስጥ ያላበው ሁሉ አልጋሽ ላይ ይንጠባጠባል። በጎቹ ምድር ቤት የሚያድሩበት ቤት ካገኘሽማ እድለኛ ነሽ፣ ሙቀታቸው ይወጣልሻል፣ ሽታውን በሳምንት ትለምጂዋለሽ። ቁንጫውን ግን አትለምጂውም። ቁንጫ ብርድ የሚፈራ መስሎኝ ነበር፣ አይፈራም።

ምግብ። እዛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 89 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ መቶ አይደርስም፣ ይፈላል ግን አያበስልም ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ አተር ጥጄ እራት ሰዓት አልፎ ተኛሁ፣ ጠዋትም ጥሬ ነው። ፕሬሸር ኩከር ትንሿን ያዢ፣ ማገዶም ትቆጥብልሻለች፣ ማገዶው ኩበት ነው በብዛት፣ ባሕር ዛፉ እንኳን እዛ ጫፍ ላይ ብርድ እየመታው ይቀነጭራል። ባይኖርሽም ግን አትራቢም፣ አገሩ የገብስ አገር ነው፣ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ገንፎ አለ፣ እንግዳ ነሽ ብለው አረቄም ያቀርቡልሻል እና እሱን በልክ፣ የሚያሞቅ ይመስልሻል እንጂ ሙቀትሽን ወደ ቆዳ አውጥቶ ነው የሚበትነው።

ስልክሽን አቅፈሽ ተኚ። ቀልዴን አይደለም፣ ባትሪ ብርድ አይወድም፣ የኔ 40 ፐርሰንት እያለ ድርግም ይላል፣ ብብት ውስጥ ሲሞቅ ተመልሶ ይበራል። ሶላር በበጋ እንደ ጉድ ይሠራል፣ ክረምት ላይ ጉም ስለሚውል ፓወር ባንክ ያስፈልግሻል። ቫዝሊንና ባርኔጣም አትርሺ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የማታቃጥል ይመስልሻል፣ በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሬ ተሰንጥቆ አፍንጫዬ ተልጦ ተማሪዎቹ ጋሽ ምን ነካህ አሉኝ።

ስለ ክፍል አንድ ነገር ብቻ። ህዳርና ታህሳስ ላይ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ማስጻፍ አትሞክሪ። ልጆቹ አንድ ሰዓት የሚሆን መንገድ በፕላስቲክ ጫማ ረግጠው ነው የሚመጡት፣ ጣታቸውን ቆፈን ይዞታል፣ እስክሪብቶ አይጨብጥም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሰነፍ ናቸው ብዬ ስቆጣ ከረምኩ። በኋላ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ አሳዩኝ፣ እዛ ደርድሬያቸው በቃል የማባዛት ሰንጠረዥ እናዜማለን፣ ሲሞቃቸው ነው ወደ ክፍል የምንገባው። አሁንም ሲቆጨኝ ይኖራል ያ ዓመት።


ብርሃን ሰፈር

መንዝ መንዝ ትላላችሁ እንጂ ብርድ ማለት ደብረ ብርሃን ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው የት ነው የተተከለው? ጨርሻለሁ።

ይልቅ እህቴ በጣም አታካብጂው፣ ማታ ከሰል አቀጣጥለሽ ጭሱ ሲያልቅና ነጭ ሲሆን ክፍልሽ ታስገቢና በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገሽ ትተኛለሽ፣ እስኪነጋ ሙቀት ነው። እኛ እንደዛ ነው ያደግነው።


ነጭ ጋዋን

ከላይ ያለውን የከሰል ምክር እባክሽ እንዳትሰሚ፣ አንተም ወንድሜ እባክህ አጥፋው፣ ሰው ያነበዋል።

ጭሱ ስላለቀ አደጋው አለቀ ማለት አይደለም። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከሰሉ ነጭ ከሆነም በኋላ ይወጣል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው፣ የተኛ ሰው ደግሞ እሱንም ሳያውቀው በዛው ይቀራል። በየዓመቱ ብርድ ሲመጣ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ ሳይነሳ ቀረ የምትሰሙት ይሄው ነው። እኛ እንደዛ ነው ያደግነው የሚሉት ያደጉት ብቻ ናቸው፣ ያላደጉት እዚህ መጥተው አይጽፉም።

ማሞቅ ከፈለግሽ ነቅተሽ ባለሽበት ሰዓት በር ገርበብ አድርገሽ፣ ከመተኛትሽ በፊት ደግሞ ከነምድጃው አውጪው። ለአልጋ የሚሻለው ሙቅ ውሃ ነው፣ ግን የፈላ ውሃ ሀይላንድ ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ ተጨማዶ ያፈስና ያቃጥልሻል፣ በረድ ያለውን ጠንከር ያለ ዕቃ ውስጥ አድርጊና በካልሲ ጠቅልለሽ እግርሽ ስር አስገቢው።


ብርሃን ሰፈር

እሺ ልክ ነሽ፣ ማስተካከል እምቢ አለኝ እንጂ ባጠፋው ደስ ይለኝ ነበር። የሚያነብ ሰው ካለ የኔን ተወውና የሷን ስማ። የብርድ ልብሱን ግን አልተውም።


ደመና ቆጣሪ

የደብረ ብርሃኑ ሰውዬ ቀልድ ቢመስልም ውስጡ እውነት አለው፣ ልግባበት፣ ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ።

ሰው ብርድ ሲባል ከፍታ ብቻ ነው የሚያስበው። ከፍታው አለ፣ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ከሮቢት ጓሳ ዳር 2000 ሜትር ያህል ስለሆነ 13 ዲግሪ በዚሁ ሄደ። ውርጭ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ደመና ማለት የመሬት ጋቢ ነው፣ ማታ ደመና ካለ ቀን የገባው ሙቀት አያመልጥም። ክረምቱ አልቆ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ኮከብ በኮከብ ይሆናል፣ ያኔ መሬቱ ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል። ከመሬቱ ጋር የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ነው፣ ልክ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ረባዳው ላይ ሄዶ ይተኛል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ዳገቱ ላይ ያለው ቤት ደህና አድሮ ታች ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ የሚያድረው። ደብረ ብርሃን ከጓሳ ዝቅ ያለች ሆና ውርጯ የሚያንገበግበው ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ነው።

በዓለም ላይ በብርዷ የታወቀችው መንደር ኦይሚያኮን ሩሲያ ያኩቲያ ውስጥ ናት፣ በ1933 እንደ ፈረንጆቹ ከዜሮ በታች 67.7 ዲግሪ የተለካባት። ከፍታዋ 745 ሜትር ገደማ ብቻ ነው! ከሮቢት ትንሳለች። በተራራ ተከባ ጎድጓዳ ውስጥ ስለተቀመጠች ያ ከባድ አየር ከየተራራው እየፈሰሰ እሷ ላይ ይተኛል፣ በእርግጥ ቦታዋም ሰሜን ጫፍ ነው፣ ክረምታቸው ላይ ፀሐይ ብቅ ብላ ነው የምትጠፋው። በሙቀት ደግሞ የኛዋ ዳሎል አለች፣ በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1966 በተለካው የዓመቱ አማካይ 34.6 ዲግሪ፣ ሰው የኖረበት ቦታ ላይ ከዛ የበለጠ አልተመዘገበም። እሷም ጎድጓዳ ናት፣ ከባሕር ጠለል በታች። ሁለቱም ሪከርድ የያዙት ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ነው፣ እኔን ሁሌ ይገርመኛል።

ጉሙ ደግሞ ከናንተ ነው የሚመጣው እኮ። ከአፋር በኩል የሚነሳው እርጥበት ያለው አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይሄድና ጫፉ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። ጉም ያለበት ሌሊት ውርጭ ብዙም አይፈራም፣ ያስጠላል፣ ያረጥባል፣ ግን ጋቢ ነው።


መሪ ጨባጭ

ስለ መንገዱ ማንም አላነሳም። በዚህ መስመር ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ከሮቢት ስትነሺ በሌሊት ተነሺ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ ጣርማበር ላይ ያለው የጣሊያን ዋሻ ጋ ከሰዓት በኋላ ከደረስሽ ጉሙ ይጠብቅሻል፣ በጠራራ ፀሐይ ከሮቢት ተነስቼ ዋሻው ጋ በስምንት ሰዓት ፓውዛ አብርቼ ረዳቱን በእግር ከፊት ያስኬድኩበት ቀን አለ። ጣርማበር ላይ ነው ወደ መንዝ የምትገነጠይው። ጃኬትሽን ሻንጣ ውስጥ ጣራ ላይ እንዳትጭኚው፣ ቆለኛ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፣ ጣርማበር ሲደርስ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሻንጣ አውርዱልኝ ይላል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ቀደም ብለሽ ጠይቂ።


ቆለኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በእውነት፣ እናቴንም አነበብኩላት፣ ከሰሉ ላይ ደነገጠች በጉ ላይ ሳቀች። አንድ ጥያቄ፣ ደመና ቆጣሪ ካልከው ተነስቼ፣ ሁለት ቤት ነው ያለልሽ ያሉኝ፣ አንዱ ምንጩ አጠገብ ታች ነው፣ ሌላው ላይ ዳገቱ ላይ። ውሃ መቅዳት ስለሚቀርበኝ ታችኛውን ብዬ ነበር።


የመንዝ ልጅ

ላይኛውን። ውሃውን ልጆች ያግዙሻል።

እና ደመና ቆጣሪ ያለውን እኛ ያለ ሳይንስ እናውቀዋለን፣ ምክንያቱም በገብስ ነው የምንማረው። ክረምት የተዘራው ገብስ መስከረም ጥቅምት ላይ ነው ፍሬ የሚቋጥረው፣ ልክ በዚያ ሰዓት ውርጭ አንድ ሌሊት ከጣለ ጠዋት ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም፣ ቆሟል፣ ያምራል፣ በሳምንቱ ግን ዛላው ይነጣል፣ ስትፈለፍይው ባዶ ነው። ገለባ ነው የምታጭጂው። አያቴ ታች ሜዳው ላይ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር፣ የሚዘገየውን ደግሞ ተዳፋቱ ላይ ነው የምትዘራው፣ ለምን ስትባል ውርጭ ቁልቁል ነው የሚሄደው ትላለች፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። በበልግ የሚዘራው ገብስ ከውርጩ ያመልጣል፣ ሰኔ ሐምሌ ስለሚደርስ፣ ግን በልግ የሚታመን ዝናብ አይደለም፣ 91 ላይ ቀርቶ አገሩን አስርቦታል፣ ሰባ ሰባትንማ አያቴ ፊት ስሙን አናነሳም። እና ሰውዬው ውርጭን ሲሸሽ ድርቅ፣ ድርቅን ሲሸሽ ውርጭ ነው።

የሳሩንም ነገር ልብ በይ። ጓሳ ሳሩን ማንም እንደፈለገ አያጭድም፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የአገሬው የጋራ መሬት መጠበቂያ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው፣ የተወሰነ ዓመት ተዘግቶ ይቆይና በቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ 67 ላይ መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ እንጂ አሁንም በማኅበረሰቡ ነው የሚጠበቀው። ያ ሳር ባይኖር ጣራውም ገሳውም ገመዱም የለም። ጠዋት በእግርሽ ስትሄጂ ቀይ ቀበሮ ታያለሽ፣ ሜዳ ላይ አፍንጫውን ጭራው ስር ቀብሮ አመዳይ ለብሶ ተኝቶ፣ አትረብሺው። ጭላዳዎቹ ብልጦች ናቸው፣ ገደል ውስጥ ገብተው ተቃቅፈው ነው የሚያድሩት።


ቆለኛዋ

ጥቅምት ሊያልቅ ነው፣ ኔትዎርክ ለማግኘት ዳገት ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው ስለዚህ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ላይኛው ቤት ነኝ። ባና ገዛሁ፣ ይኮሰኩሳል፣ ቁንጫውም እንደተባለው ነው። ጃኬቴን ጣራ ላይ አልጫንኩም፣ ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ጫነና ጣርማበር ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አጎቴ ላለው ነገር ሙከራ አላደረግኩም።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ እኔ ኮከቡን እያየሁ ሲያምር እያልኩ ለጓደኛዬ ቪዲዮ ልቀርጽ ወጣሁ፣ የቤቱ ባለቤት እማማ ደግሞ በር ላይ ቆመው ወደ ላይ እያዩ ምንም አይናገሩም። እራትም አልበሉም። ሊነጋ ሲል የበር ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ፣ ባትሪ ይዤ ተከተልኳቸው፣ በባዶ እግራቸው አመዳዩን እየረገጡ ታች ማሳ ወርደው ዛላውን በጣታቸው አንድ በአንድ ይዳብሳሉ። ገብሱ እንዴት ነው እማማ ብላቸው "ሳምንት ይነግረናል" ብለው ወደ ላይኛው ማሳ ሄዱ።

ዛሬ ሳምንቱ ነው። የታችኛው ነጥቷል። የላይኛው አረንጓዴ ነው። ከተማሪዎቼ ስድስቱ ዛሬ አልመጡም፣ የታች ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ከብት እንዳይራብ የነጣውን ቶሎ ማጨድ አለባቸው ተብሏል፣ እኔም ቅዳሜ ማጭድ ይዤ ልሄድ ነው፣ ይዤ አላውቅም። ስድስት ዓመት ጠመኔ፣ አንተ አጭደህ ታውቃለህ? ጓንት ይደረጋል ወይስ ይስቁብኛል?


ስድስት ዓመት ጠመኔ

ይስቁብሻል። አድርጊ።